ሁለቴ የማይሰመር መስመር

መስታወት ቆራጩን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ አንዴ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ያ ስም መታወቂያው ላይ ተቀምጦ ያርፋል እንጂ ሥራ የለውም። ቅጽል ስሙን ያመጣው ራሱ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ትንሽ ሰፍቶብኛል፤ እስቲ እንደገና አስምርበት» ካለው ቀና ብሎ እንኳ አያየውም፤ «መስታወት አንዴ ነው» ይላል። ቀልድ የሚወዱ ጎረቤቶቹ ጠዋት ሲያልፉ «ጋሽ አንዴ፣ ሁለቴ እንደምን አደርክ!» ይሉታል።

አባባሉ ግን የሙያው ሕግ ነው። እንጨት ቢሳሳቱበት ይላጋል። ጨርቅ ይተረተርና እንደገና ይሰፋል። መስታወት እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ቆራጮቹ አልማዝ የሚሉት መሣሪያ ጫፉ ላይ ከምስር የማትበልጥ ጎማ አለችው፤ ያቺ ጎማ ከአንዱ ዳር ተነሥታ እስከ ሌላው ዳር ሳትቆም መሄድ አለባት። መሀል ላይ እጅ ከተነሣ መስመሩ ሞተ። በሞተ መስመር ላይ ተመልሶ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው፤ መስታወቱ ሲሰበር ያሰመሩለትን መንገድ ትቶ ደስ ባለው በኩል ይሄዳል። ለዚህ ነው ጋሽ አንዴ ሲያሰምር ዓለም ቢገለበጥ ቀና የማይለው። ይህ ግን ድሮ ነበር።

ነገሩ መቼ እንደጀመረው ቢጠይቁት አያውቀውም። የሞተበት ሰው የለ፣ የተጣላው የለ፣ ቤቱ አልተቃጠለ። ሚስቱ «እስቲ ምን ሆንክ?» ስትለው «ምንም» ይላል፤ እውነቱን ነበር። ደረቱ ላይ ወጥቶ የተቀመጠው ያው «ምንም» ነው። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ልቡ ቀድሞት ተነሥቶ ሲሮጥ ያገኘዋል። ወዴት? ወደ ነገ። ነገ የሚገጠመው መስታወት ቢወድቅስ? ወድቆስ ሰው እግር ላይ ቢያርፍ? ያልተሰበረ መስታወት ሲሰበር ይሰማው ጀመር። የነገው ሐሳብ ሲያልቅበት ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዓመታት በፊት የገጠመውን መስኮት «አጥብቄው ነበር ወይ?» እያለ ይሄድና ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያየዋል። መስኮቱ ደህና ነው። ባለቤቶቹ መጋረጃ ሰቅለውበታል። እሱ ግን ላቡን እየጠረገ ይመለሳል። ነገና ትናንት ተባብረው ዛሬን ከእጁ ነጠቁት።

የሥራ ሸሪኩ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ወንድምየው ፍሬም ይሠራል፣ ጋሽ አንዴ ይቆርጣል፣ ሁለቱ ተሸክመው ይገጥማሉ። ቁመቱ የሚያስቀና፣ ደረቱ ዝርግ ስለሆነ «ጣውላ» ይሉታል። ወሬ ከአፉ አይጠፋም፤ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ እንኳ ያወራል። ዝም የሚለው ጋሽ አንዴ ሲያሰምር ማስመሪያውን በዚያኛው ጫፍ በያዘ ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ አንዴ ተራ የመስኮት መስታወት እያሰመረ መሀል ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ መጨረሻው ጫፍ ወረወረ። ገና ያልደረሰበት ጫፍ ላይ መስታወቱ ሲፈነዳ ታየው። እጁ ብድግ አለ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሲከለክል የኖረውን ራሱ አደረገው፤ አልማዙን መልሶ በዚያው መስመር ላይ አሳረፈና ሳበ።

«አንዴ!» ብሎ ጮኸ ጣውላ።

መስታወቱ ጓ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተበታተነ። ደም አልወጣም። ቢወጣ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ለሰው የሚያሳየው ነገር ያገኝ ነበር። ጋሽ አንዴ ሽርጡን ፈታ፣ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለውና ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እንቅልፍ አይደለም፤ መተኛት ብቻ ነው። ምግብ አፉ ውስጥ እንደ ወረቀት ይሆንበታል፤ ረሃብ የሚባለው እንግዳ ዕቃውን ጠቅልሎ ከሆዱ ወጥቷል። ሚስቱ ክርና ቁልፍ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። በምሳ ሰዓት ዘግታ እየሮጠች ስትመጣ ሳህኑን እንዳስቀመጠችው ታገኘዋለች።

«ዝንብ እንኳ ከአንተ ይሻላል» ትለዋለች። «ቀምሶ ነው የሚሄደው።»

ለማሳቅ ነው። ድምፅዋ ግን መሀል ላይ ይሰነጠቃል።

አንድ ጠዋት መላጫውን ከቦታው አጣው። መታጠቢያው ላይ የለም፣ መሳቢያው ውስጥ የለም። ፈልጎ ሲያጣው ሚስቱ ምን ፈርታ እንደደበቀችው ገባው። ወደ ጓዳ ዘወር ቢል ጀርባዋን ሰጥታው የታጠበ ሳህን እንደገና ታጥባለች። በማግሥቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እሱም እንደ ተጎተተ ጋሪ ተከተላት።

ሐኪሙ ጠይቆት ሲያበቃ መድኃኒት አዘዘለትና ወደ ነርሷ መራው። ነርሷ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«አሁን የት ነዎት?»

«እዚሁ።»

«ሰውነትዎ እዚህ ነው። ሐሳብዎ የት ነው?»

ጋሽ አንዴ አፈረ። «ነገ ላይ» አለ ቀስ ብሎ።

«ነገ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«እሰብራለሁ።»

ነርሷ አልሳቀችም። «ነገ ገና ያልተከፈተ ሱቅ ነው፤ በሩን ቢደበድቡት የሚሰማዎት የለም። ጆሮዎ አሁን ምን እየሰማ ነው? አሁን፣ እዚህ ክፍል ውስጥ?»

ጤነኛ አልመሰለችውም። ግን ሰው አክባሪ ነውና አዳመጠ። «ውጭ የበሽተኛ አልጋ ይገፋሉ። አንዱ ጎማው ይንጫጫል። ዘይት ያስፈልገዋል።»

«ሌላስ?»

«እርስዎ እስክሪብቶ ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ።»

ነርሷ ደንግጣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። «ሲጨንቅዎ ይህን ያድርጉ። ጭንቀቱን አያባርሩት፤ ሲያባርሩት ጓደኛ ጠርቶ ይመጣል። ይቀመጥ። እርስዎ ጆሮዎን አሁን ላይ ያውሉት። መድኃኒቱን አይርሱ። ቀጠሮዎንም አይቅሩ።»

በመንገድ ላይ ለሚስቱ «ጆሮ እንዳለኝ ልታስታውሰኝ ነው?» አላት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተናገረው ረዥም ነገር ይኸው ነበር፤ ሚስቱ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች።

ሠራለት ለማለት ይከብዳል። አልሠራለትም ማለትም አይቻልም። ሚስቱ ብርጭቆ እንዲያጥብ አዘዘችው። የታጠበ ብርጭቆ ጣት ሲያሹበት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ የቆሸሸው ዝም ይላል። ያን ድምፅ እየሰማ ሳለ ልቡ ለአፍታ ሩጫውን ገታ ያደርጋል። ብርጭቆውን ሲያስቀምጠው እንደገና ይነሣል። አንዳንድ ቀን ምንም አይሰማውም፣ ብርጭቆው ቢጮህም ዝም ቢልም ግድ የለውም፣ ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ሌላ ቀን ደግሞ የጎረቤት መጥረጊያ ሲፈገፍግ እየሰማ ልብሱን ለብሶ ይጨርሳል። እንዲህ እያለ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ጊዜው ሄደ።

አንድ ሐሙስ ጣውላ መጣ። ወንበር ቢቀርብለት አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ እንዴት ነህ?»

«አለሁ።»

«መኖርህንማ ግድግዳው ይመሰክራል፤ ፊትህን ያየ እሱ ብቻ ነው።»

ጋሽ አንዴ አልሳቀም። ጣውላ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

«የጎረቤታችን ዳቦ ቤት ትልቁ መስታወት ተሰብሯል፤ ወደ መንገዱ የሚያየው። ወፍራሙን ነው የሚፈልጉት። እኛ ጋ የቀረው አንድ ነው፤ አከፋፋዩም ጋ ጠይቄ የለም። ቅዳሜ እንገጥማለን ብያለሁ።» ትንሽ ቆመ። «ሌላ ቆራጭም አነጋግሬያለሁ። ሰኞ ይጀምራል።»

ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ ልጅ! በታመመ ሰው ላይ?»

«እታለም፣ እኔስ ሰው አይደለሁም? መስታወት የሌለው ፍሬም ልሽጥ? ‹አየሩን ራሳችሁ አስገቡበት› ልበላቸው?» ወደ ጋሽ አንዴ ዞረ። «የቅዳሜውን አንተ ከቆረጥከው ሰውየውን አትምጣ እለዋለሁ። ካልሆነ ግን ጠረጴዛው የሱ ነው። ከዚህ በላይ ባዶውን ላቆመው አልችልም ጋሼ። ማታ ማታ አንተን እያሰብኩ መስታወት የምናሳርፍበትን ብርድ ልብስ አራግፌ መልሼ አነጥፈዋለሁ። ሰልችቶኛል።»

ይህን ሲል ቀልደኛው ፊቱ ተጨማደደ። ጋሽ አንዴ እንደዚህ አይቶት አያውቅም።

«እመጣለሁ» አለ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱ ደነገጠ።

ዓርብን በሙሉ ቅዳሜ ውስጥ ኖረ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ከጆሮው አልወጣም። መስታወቱን ከመቶ ጊዜ በላይ ሰበረው፤ እያንዳንዱን ስንጥቅ ለየብቻ አየው። ሚስቱ ብርጭቆ ሰጠችው። አጠበው። ብርጭቆው ዝም አለ። እንደገና አጠበው። ዝም አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አስሮ ፈታና እንደገና አሰረው።

«ልከተልህ?» አለችው።

«ሱቅሽን ክፈቺ።»

«እሺ» አለችና ተከተለችው።

የመቁረጫ ቤቱ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለው፤ የነጭ ጋዝና የመጋዝ ብናኝ ሽታ። ሽርጡ እዚያው ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አቧራ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ የድሮው ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ጥግ ላይ ባለው በርጩማ የዳቦ ቤቷ ባለቤት ተቀምጠዋል፤ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው፣ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ።

«ዛሬ ያልቃል?» አሉ። «ወይስ ዳቦዬን ለአቧራ ልሽጠው?»

«ያልቃል፣ እትዬ» አለ ጣውላ። ቶሎ ነው ያለው፤ ሲፈራ ቶሎ ይናገራል።

ጓንት አድርገው ወፍራሙን መስታወት ከግድግዳው አነሡ። ከባድ ነው። አረንጓዴ የሚመስል ጠርዝ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፉት ብርድ ልብሱ እፍ አለ። ጣውላ ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ምልክት አደረገ። ማስመሪያውን አስተካክሎ በዚያኛው ጫፍ በሁለት እጁ ተጫነው። ዝም አለ።

ጋሽ አንዴ አልማዙን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከረ። ጓንቱን አወለቀ። በበሩ በኩል ሲያይ ከመንገዱ ማዶ፣ ጫማ መሸጫው ፊት፣ ሚስቱ ቆማ የወንድ ጫማ ትመርጣለች።

ቢሰበርስ? አለ ልቡ። ሌላ የለም። ሰኞ ሰውየው ይመጣል። ሽርጡን ያወርደዋል። መላጫው የት ነው? ምን ይሉታል? ጠረጴዛውን ያዘ። ጣውላ አየውና ማስመሪያውን ይበልጥ ተጫነው። ሴትየዋ በርጩማው ላይ ተመቻቹ፤ በርጩማው ተንቋቋ።

በርጩማ፣ አለ ጋሽ አንዴ በሆዱ። በርጩማ ነው። ሰማሁት።

አልማዙን ከሩቁ ዳር አሳረፈና መሳብ ጀመረ።

ሽሽሽሽ። ደህና መስመር እንዲህ ነው የሚለው፤ ሐር ቀስ ብሎ ሲቀደድ ይመስላል። እጅ ከከበደ ይንጫጫል፣ ከቀለለ ድምፁ ይጠፋል። ይህን ወጣት ሳለ ተምሮታል፤ ከዚያ በኋላ ሳይሰማው ኖሯል፤ እጁ ብቻውን ያውቀው ነበርና። አሁን ግን እጁን አላመነውም፤ ስለዚህ ጆሮውን ሰጠው። ሽሽሽሽ። በዚያኛው በኩል ጭንቀቱ አብሮት ይራመዳል፤ ቢሰበርስ፣ ቢሰበርስ ይላል። ይራመድ። ሽሽሽሽ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ እጁም አብሮ። መሀል ደረሰ። ዓይኑ ወደ መጨረሻው ጫፍ መሄድ አማረው፤ ጠራው፤ አንገቱ ሊዞር ጀመረ።

ደጅ ላይ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። የመደርደሪያው መስታወቶች በሙሉ ተንቀጠቀጡ። ሴትየዋ «ወይኔ!» አሉ።

አልማዙ አልተነሣም። ጋሽ አንዴ ዓይኑን ከጎማዋ ሥር፣ ነጭ ፀጉር የሚያክለው መስመር ከሚወለድበት ነጥብ ላይ ተከለው። ያቺ ነጥብ ብቻ። ከሷ በፊት ያለው አልፏል፣ ከሷ በኋላ ያለው ገና ነው። ሽሽሽሽ። እና በድንገት ጎማዋ ከዳሩ ወርዳ ብርድ ልብሱን ነካች። አለቀ።

አልጨረሰም ግን። ሥራውን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው መስመር ከተሰመረ በኋላ ብዙ መቆየት የለበትም፤ ሳይበርድ ነው የሚሰበረው። መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ይዘው፣ በእኩል ወደ ታች መጫን ነው። ጎተቱት። አስተካከሉት። መስታወቱ እኩሌታው አየር ላይ ወጣ።

ጋሽ አንዴ እጁን ጫፉ ላይ አደረገና ደረቀ።

አሁን ነው የሚሰበረው። ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰማው የከረመው ድምፅ አሁን፣ በገዛ እጁ፣ ይመጣል። ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? የጣቶቹ ጫፍ ነጣ።

«ጋሼ» አለ ጣውላ በሹክሹክታ። «እየበረደ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ብቻዬን ልጫነው?»

«ተው።»

«ጋሼ...»

«ተው አልኩህ!»

ሴትየዋ ከበርጩማው ተነሡ። ከመንገዱ ማዶ ሚስቱ የያዘችውን ጫማ ለቀቀችው። ጋሽ አንዴ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮዬ ምን እየሰማ ነው? ልቡን ብቻ ሰማ። ሌላስ? ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሌላስ? አንድ ነገር ያፏጫል፤ ቀጭን፣ እየቆየ፣ ፊው... ፊው። ከየት ነው? ጋዝ ነው? ነፋስ ነው? ዓይኑን ገለጠ።

«ጣውላ።»

«አቤት።»

«አፍንጫህ ነው የሚያፏጨው?»

ጣውላ አፉን ከፈተ። «ምን?»

«አፍንጫህ። ስትፈራ ያፏጫል እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ሳልሰማው?»

«ስታወራ አትሰማኝም፣ ዝም ስል አፍንጫዬን ትቆጥራለህ! አሁን ይህ የአፍንጫ ጊዜ ነው?» አለ ጣውላ፤ በቁጣው መሀል ፊው አለበት።

ጋሽ አንዴ ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ነች፤ ትከሻውን ብቻ ነቀነቀችው። ትከሻው ሲወርድ እጁም ከበደ።

«በል» አለ። «አሁን።»

ተጫኑት። ቋ!

መስታወቱ በመስመሩ ላይ ለሁለት ተለየ። ከዚያ ጣውላ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ተከተለ፤ መጨረሻው ላይ ቆመ። ጥጉ ላይ ጥፍር የምታህል ቅርፊት ተነሥታለች።

ጋሽ አንዴ አያት። ልቡ እንደ ልማዱ ሊያፈተልክ ተነሣ።

«ፍሬሙ ይበላታል» አለ ጣውላ።

«ይበላታል?»

«ጠግቦ ያድራል።»

ዳቦ ቤቷ ሁለት ሕንፃ አልፎ ነው። መስታወቱን አቁመው ተሸከሙት፤ ጣውላ ከፊት፣ ጋሽ አንዴ ከኋላ። ሰው መንገድ ለቀቀ። ጭንቀቱ እዚያም አልቀረም፤ በየእርምጃው ቢወድቅስ ይለው ነበር። ጋሽ አንዴ ጫማው ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ እያዳመጠ ሄደ። ሲደርሱ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር። አስገቡት፣ ዙሪያውን በስቱኮ መረጉት፣ መያዣውን አጠበቁት። ቅርፊቷ ፍሬሙ ሥር ገብታ ጠፋች። ሴትየዋ መስታወቱን አላመሰገኑም፤ ባዶ ትሪ ይዘው ወደ ምድጃው ሮጡ።

ጣውላ ስልኩን አወጣ። «ለሰኞው ሰውዬ ልደውልለት። ቀረ ልበለው።»

ጋሽ አንዴ የስቱኮ አሻራ በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ጨርቁ ቆመ።

«ይምጣ» አለ።

«እንዴት ይምጣ? ቆረጥክ እኮ!»

«ዛሬ ቆረጥኩ። ሰኞ ጠዋት እጄ እምቢ ካለኝ እሱ ይቆርጣል። እሺ ካለኝ እሱ ማስመሪያ ይይዛል፤ አንተም አፍንጫህን ይዘህ ፍሬምህን ትሠራለህ።»

«ጠረጴዛውስ የማን ነው?»

«ሰኞ ሲመጣ ሰኞን እንጠይቀዋለን።»

ጣውላ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሚስቱ መንገዱን ተሻግራ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ጫማ አልገዛችም። አዲሱ መስታወት ውስጥ ሁለቱም ታዩ፤ እሱ ከስቷል፣ እሷም ከስታለች። ከውስጥ ሴትየዋ የመጀመሪያውን ትሪ አመጡና መስታወቱ ሥር ደረደሩት፤ እንፋሎቱ ወጥቶ የሁለቱን ፊት ሸፈነው። ጋሽ አንዴ ዓይኑን ከእንፋሎቱ አልነቀለም። ሚስቱ ፈራች።

«የት ነህ?» አለችው። «ጆሮህ ምን እየሰማ ነው?»

ትንሽ አዳመጠ። ፊቱ ላይ መገረም መጣ።

«ሆዴ ሲጮህ» አላት።